አራት ከመቶ እምቢታ

ቀን፦ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ መልስ
ቦታ፦ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ያለው የማኅበራችን ወፍጮ ቤት በረንዳ

የተገኙ፦ አቶ ባምላኩ (ሰብሳቢ)፣ አቶ ዓምደሚካኤል (ገንዘብ ያዥ)፣ ወ/ሮ ወሰንየለሽ (አባል)፣ ማናለብሽ (ጸሐፊ፣ ማለትም እኔ)። ምክትል ሰብሳቢው አቶ ምንይሉ ራሳቸው ባይመጡም በርኖሳቸውን ልከው ወንበር ይዘዋል። ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው በአምስት ሰው ስለሆነ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ በርኖሱ እንደ ሰው እንዲቆጠር ተወስኖ ስብሰባው ተከፈተ።

በእንግድነት፦ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻኑ አቶ ታዲዮስ።

አጀንዳ 1፦ ጎን ለጎን ሆነው ወፍጮዎቻችንን ከሚያንቀሳቅሱት ሁለት ትራንስፎርመሮች አዲሱ በየገበያው ቀን ፊውዝ ስለሚያቃጥልበት ምክንያት

ሰብሳቢው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ካሉ በኋላ፣ ገና ደርሶ ሳለ የአገር ገብስ ወፍጮ ደጅ ተከምሮ መዋሉ ማፈሪያ መሆኑን ገለጹ።

አቶ ታዲዮስ እንዳስረዱት፣ ሁለቱም እኩል መቶ መቶ ኪሎ ቮልት አምፒር ይሸከማሉ ተብሎ ቢጻፍባቸውም ኢምፔዳንሳቸው፣ ማለትም ጭነትን የሚገፉበት መጠን፣ ይለያያል፤ የአሮጌው ስድስት ከመቶ፣ የአዲሱ አራት ከመቶ ነው። ቃሉ ምላስ ስላስቸገረ በዚህ ቃለ ጉባኤ «እምቢታ» ተብሎ እንዲጻፍ ተወሰነ። ጭነት እምቢታው ወዳነሰው ያደላል። አራቱም ወፍጮ አንድ ላይ ሲነሱ ጠቅላላው ጭነት መቶ ሰማንያ ይደርሳል፤ አዲሱ መቶ ስምንቱን ተሸክሞ ይግላል፣ አሮጌው ሰባ ሁለቱን ይዞ ይዝናናል።

ወ/ሮ ወሰንየለሽ ወደ አሮጌው ትራንስፎርመር ሽማግሌ ተልኮ እንዲመከር፣ ካልሰማም ጸበል እንዲረጭ አሳሰቡ። ቴክኒሻኑ ውኃ አጠገቡ እንዳይደርስ በእመቤቴ ስም ለመኑ። ሰብሳቢው ሁለቱም እኩል እንዲሸከሙ በድምፅ ይወሰን ብለው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በርኖሱም አልተቃወመም። ቴክኒሻኑ ትራንስፎርመሮቹ የማኅበሩ አባል አለመሆናቸውን አስታወሱ።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔና የሥራ ክፍፍል

እንደ ቴክኒሻኑ ምክር፣ እምቢታው ከአሮጌው እኩል የሆነ ትራንስፎርመር እስኪገኝ በአንድ ጊዜ ከሦስት ወፍጮ በላይ እንዳይነሳ ተወሰነ። ቁልፍ ይዞ ይህን የሚጠብቅ፣ ወረፋ የሚያስይዝና ደብረ ብርሃን ሄዶ ትራንስፎርመር የሚያፈላልግ ሰው አስፈለገ። ሰብሳቢው የጉልበታቸውን ሕመም ጠቀሱ። አቶ ዓምደሚካኤል ውቂያ አለብኝ አሉ። ወ/ሮ ወሰንየለሽ በጎቻቸው እየወለዱ መሆኑን አስረዱ። ጸሐፊዋ እየጻፈች ዝም ስላለች፣ እንደተስማማች ተቆጥሮ ሦስቱም ሥራ ለእሷ ተሰጠ።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ከልቧ ተናደደች፤ ይመዝገብ። ዓመቱን ሙሉ ወፍጮውን ጎህ ሲቀድ የምትከፍተው እሷ እንደሆነች፣ የሰው እህል ስታስፈጭ ኖራ የራሷ የገና ገብስ እስካሁን በጆንያ እንደተቀመጠ ተናገረች። ጭነት የሚሄደው እምቢ ወደማይለው ከሆነም፣ በርኖሱ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጊዜ እምቢ ስላላለ ሦስቱም ሥራ ለባለቤቱ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበች። ጉባኤው በደስታ ተቀበለው።

ወዲያው አቶ ምንይሉ ብርዱ ጠንቶባቸው በርኖሳቸውን ሊወስዱ መጡ። የተሰጣቸው ሹመት ሲነገራቸው፣ «እኔ መቼ መጣሁና? የመጣው በርኖሴ ነው» አሉ። ጉባኤው ነገሩን በጥሞና መርምሮ እውነታቸውን ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤ እንዳልነበረ፣ ስብሰባው እንዳልተካሄደ፣ የተወሰነውም ሁሉ እንዳልተወሰነ ተወሰነ። ሰብሳቢው በዚሁ መሠረት ሥራው እንደ ድሮው በማናለብሽ እጅ ይቀጥላል አሉ።

ጸሐፊዋ «እምቢ» አለች።

ከዚያ ሰብሳቢው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ቁልፉን ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ወ/ሮ ወሰንየለሽ ወረፋ ሊያስይዙ ወጡ። አቶ ዓምደሚካኤል የደብረ ብርሃን መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቁ፤ አቶ ምንይሉም በርኖሳቸውን አዋሷቸው።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ተዘጋ። ጸሐፊዋ ይህን ቃለ ጉባኤ የምትፈርመው ገብሷ ሲፈጭላት ነው።