ዘመድ የሌለው ሰው ፍለጋ

የሰውን ዘር ከባለቤቱ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ደባርቅ ላይ ጋሽ ታከለ አሉልን። አንዴ «የማን ልጅ ነህ?» ካሉ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ አይለቁም።

በቀደም አንድ የቀበሌ ቤት ተለቀቀና ቤት ለሌለን ነዋሪዎች በዕጣ ይሰጥ ተባለ። ዕጣውን ማን ያውጣ? ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ዕጣው ወዳለበት ባርኔጣ ሲሰዱ ጋሽ ታከለ፣ «ዕጣው ውስጥ ያለችው የብርቄ አጎት አይደሉም እንዴ?» አሉ። ቄሱ ተጠሩ፤ ግማሾቻችን የንስሐ ልጆቻቸው ሆነን ተገኘን። ኧረ ጎበዝ፣ ለዚህ አገር ባዳ ከየት ይምጣ?

በመጨረሻ ወደ ሽሬ ከሚያልፈው አውቶቡስ ለምሳ የወረደ አንድ መንገደኛ ለምነን አመጣን። ዓይኑን ጨፍኖ አወጣ። ቤቱ ለብርቄ ደረሰ፤ ልጆቿን ይዛ በሚያፈስ የኪራይ ክፍል ክረምቱን ለገፋችው። እኔን ለአፍታ ከፋኝ፤ እልልታዋን ስሰማ ግን አብሬ አጨበጨብኩ።

ጠላ ቀረበ። ጋሽ ታከለ ወደ እንግዳው ዞር ብለው፣ «ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

እንግዳው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ጠራላቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«ለብርቄ ዘመዷ ነው!»

ጉድ ፈላ ስንል ቀጠሉ። ለሊቀ መንበሩም፣ ለቄሱም፣ ለእኔም ዘመድ ሆነ። እፎይ አልን፤ የሁሉም ዘመድ ለማን ያዳላል?

ይህን ስናጣራ አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ። «እኔ ቤት ይደር!» «የለም፣ እኔ ጋ!» ተባብለን ልንጣላ ሆነ። በዕጣ ይለይ ተባለ።

ግን ዕጣውን ማን ያውጣ?