ዓሦቹ ያጠመዱት ዋናተኛ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጣና ላይ ካሉት ሰው የማይኖርባቸው ትንንሽ ደሴቶች በአንዷ፣ ደምሰው ድንኳን ውስጥ ጋደም እንዳለ ሕልም አየ። ሕልሙን ለማውራት ግን በመጀመሪያ ውሸቱን ማውራት ግድ ይላል።

ደምሰው ዋና አይችልም። ያደገው ደጋ ነው፤ ከጉልበቱ በላይ የሆነ ውኃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ከፍሬሕይወት ጋር በተጫጩ ሰሞን ግን አፉ አምልጦት «ዋና ለእኔ ጨዋታ ነው» አላት። ሰው ሊያገባ ሲል የማይለው ነገር የለም። ፍሬሕይወትም ዋና አትችልም፤ እሷ ግን አልችልም ብላ ነው ያገባችው። በተጋቡ በስድስተኛው ወር፣ ደሴት ላይ ዓሣ እያጠመዱ ማደር አማራትና ከደንገል ሣር ታስሮ የሚሠራ ታንኳ ተውሰው ሄዱ። ሁለቱም ታንኳ ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ገና ከዳር ፈቀቅ ሳይሉ «ብንገለበጥስ?» ብትለው፣ «እኔ እያለሁልሽ!» አላት። እሷ ዘና ብላ እግሯን ዘረጋች። እሱ እስከ ደሴቷ ድረስ ዓይኑን ከውኃው ሳይነቅል ቀዘፈ።

እዚያም ደርሰው መንጠቆውን ሁለት ጊዜ ወረወረና አንዴ ቄጤማ፣ አንዴ የገዛ ሸሚዙን ያዘ። ከዚያ «ቀዘፋው አደከመኝ» ብሎ ተኛ።

በሕልሙ ጀልባው እሱ ነበር። ሐይቁ ላይ በጀርባው ተንጋልሎ ይንሳፈፋል። ታንኳው ሆዱ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀዝፈዋል።

«አትንፈራገጥ፤ ያዞረኛል» አለው ታንኳው።

«ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ።»

«ያስታውቃል። ማን ነው የሠራህ?»

«እናትና አባቴ።»

«ወገብህ ጋ አላልተው ነው ያሰሩህ» አለና ታንኳው ቀዘፋውን ቀጠለ።

ደሴቷ ሲደርሱ ታንኳው በብብቱ ይዞ ከውኃ አወጣው። የአገሩ ሰው ከቀዘፋ በኋላ ታንኳውን አውጥቶ ዛፍ አስደግፎ እንደሚያደርቀው ሁሉ፣ ደምሰውንም ዋርካ አስደግፎ አቆመው። ዋርካውን ተደግፈው የሚደርቁ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ሙሽሮችና አንድ የሒሳብ መምህር ጠብ ጠብ እያሉ ቆመዋል።

«እዚህ ምን እናደርጋለን?» ሲል ጠየቀ ደምሰው።

«እንደርቃለን» አለው መምህሩ። «ውኃ የጠጣ ሰው ይከብዳል፤ ካልደረቀ ነገ አይንሳፈፍም። እኔ በሁለት ቀን እደርቃለሁ። አንተ ግን ወፈር ስላልክ ሳምንት ሳይፈጅብህ አይቀርም።»

ወዲያው ዋርካው ጠፋና ደምሰው ሣር ላይ ሲሄድ ራሱን አገኘው። ቆሮሶ የሚባሉት ዓሦች ባርኔጣ አድርገው፣ ሐይቁ ዳር በርጩማ ላይ ተደርድረው፣ መንጠቋቸውን ወደ የብስ እየወረወሩ ሰው ያጠምዱ ነበር። አንዱ መንጠቆ ላይ የቦታ ካርታ ተሰክቷል፤ ግማሹ ከተማ እየተጋፋ ይነክሰዋል። ሌላው ላይ ቪዛ ተንጠልጥሏል፤ እዚያ ደግሞ ሰልፍ አለ። አንድ ቆሮሶ አንድ አጭር የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አወጣና በክንፉ ለካው። «ይሄ ገና ነው፤ ይደግ» ብሎ ቀስ አድርጎ ወደ ሣሩ መለሰው።

«እኔስ እንደነዚህ አልነክስም» ብሎ ደምሰው እየተኩራራ አለፈ። ጥቂት እንደሄደ አንዲት ቀጭን ቆሮሶ ምንም ያልተሰካበት ባዶ መንጠቆ ጣለችለት።

«ጎበዝ! እንዳንተ ያለ ዋናተኛ አይቼ አላውቅም» አለችው።

ደምሰው መንጠቆውን ዋጠ።

ምንም ሳያመው ጎትታ አንድ ቢሮ አስገባችው። በዚያ ቢሮ የሚሰለፈው ባለጉዳዩ ሳይሆን ሠራተኛው ነበር። ከረባት ያሰሩ አምባዛ የሚባሉ ዓሦች ፋይላቸውን በረጃጅም ጢማቸው ጠቅልለው እስከ ደጅ ድረስ ቆመዋል። ደምሰውን ብቸኛው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምረን ቆመናል» አለ የፊተኛው አምባዛ ጎንበስ ብሎ። «እባክዎን አንዴ ያነጋግሩን።»

«ነገ ተመለሱ» አለ ደምሰው። ቃሉ ከየት እንደመጣበት አያውቅም፤ ከወንበሩ ሳይሆን አይቀርም።

«ነገማ ዘይቱ ይቀዘቅዛል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። ዋና የሚችል ሰው ይጠበሳል፤ የማይችል ለሚስቱ ይመለሳል። እርስዎ የትኛው ነዎት?»

«የማይችለው ለምን አይጠበስም?»

«አይበላማ! ፍርሃቱ ሥጋውን ያመርረዋል።»

ደምሰው ደስ አለው። አፉን ከፍቶ እውነቱን ሊናገር ሲል በሩ ተከፈተና ፍሬሕይወት ገባች። ክንዷ ላይ «ምስክር» የሚል ጨርቅ አስረውላታል። ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ፈገግ አለችለት።

«ጥቂት ጥቂት እችላለሁ» አለ ደምሰው።

«ፎርሙ ላይ ጥቂት የሚል ቦታ የለም።»

«እንግዲያውስ እችላለሁ። ወደ መጥበሻው ውሰዱኝ።»

አትፍረዱበት። ባል በሚስቱ ፊት ከሚያፍር ቢጠበስ የሚመርጥበት ጊዜ አለ።

ወጥ ቤቱ ሰፊና ጸጥ ያለ ነበር። መጥበሻው አልጋ ያህላል፤ ዘይቱ መንጫጫት ጀምሯል። ሽርጥ ያደረገች ቆሮሶ ደምሰውን ዱቄት ላይ አገላበጠችው።

«ሎሚ ይጨመር?» አለችው።

«ይጨመር።»

«ሚጥሚጣስ?»

«ሚጥሚጣ ሆዴን ያመኛል።»

«ሆድህ ከእንግዲህ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው» አለችው በደግነት።

ፍሬሕይወት ተከትላው መጥታ ነበር። ጫማዋን በእጇ ይዛ መጥበሻው አጠገብ ቆመች። ፊቷ ላይ የጭንቀት ምልክት እንኳ የለም።

«ደምሴ፣ ከተጠበስክ በኋላ አብረን ነው አይደል ወደ ቤት የምንሄደው?» አለችው።

ደምሰው ከዱቄቱ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዘይት ውስጥ እንኳ ዋኝቶ ይወጣል ብላ ነው የምታምነው። እንዲህ አምናው እያለ መዋሸቱ አሳፈረው፤ እሷም አሳዘነችው፤ በዚያው ቅጽበት ከሠርጋቸው ቀን ይልቅ ወደዳት።

«ፍሬ፣ ዋና አልችልም!» ብሎ ጮኸ። «ችዬም አላውቅ! ውኃ እፈራለሁ! ባልዲ እንኳ ጎንበስ ብዬ ሳይ ያዞረኛል!»

ዓሦቹ ሁሉ አጨበጨቡ። አምባዛው ግንባሩ ላይ ማኅተም መታበት። ፍሬሕይወት ፊቱ ላይ ያለውን ዱቄት በእጅጌዋ ጠረገችለትና ከልቧ ሳቀች። ስድስት ወር ሙሉ ትከሻው ላይ የኖረ ሸክም ሲወርድለት ታወቀው። ሕልም ውስጥም እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቃ ፍሬሕይወት ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጣ ትኩር ብላ ታየዋለች።

«ስትጮህ ነበር» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ዋና አልችልም ብለህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር ይፈጥር ነበር። ሕልሙ ግን ልብ ሰጥቶታል። ተነሥቶ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«እውነት ነው፣ ፍሬዬ። ዋና አልችልም። ያኔ እንድትወጂኝ ብዬ ነው የዋሸሁሽ። ይቅር በይኝ።»

ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ሐይቁ መለሰች። ደምሰውም ወደዚያው አየ። በጫማው ማሰሪያ ያሰረው ታንኳ ዳር ላይ የለም። ስንቃቸውንና የሁለቱንም ስልክ እንደያዘ፣ ከሩቅ የዳክዬ ያህል ሆኖ ይታያል። ነፋሱ እያዝናና ወደ ባሕር ዳር ከተማ ይነዳዋል።

«መቼ ነው የተፈታው?» አለ ደምሰው።

«አንድ ሰዓት ይሆነዋል። መጀመሪያማ እዚህችው ነበር፤ ቄጤማው ጋ።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«ዋናተኛ ባል እያለኝ ምን አስቸኮለኝ?» አለች ፍሬሕይወት። «ደክሞታል፣ ትንሽ ይተኛ ብዬ ነው።»