ከዕቃው ጋር አብሮ የሚዋስ ሰው

ዕቃ የሚያውስ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰጥቶህ ይረሳዋል፤ አንተም ትረሳዋለህ፤ ከዚያ ዕቃው የማን እንደነበረ እስክትሞቱ ትከራከራላችሁ። ሁለተኛው ዕቃውን ሰጥቶህ አብሮት ይመጣል። መሰላል ካዋሰህ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ አወጣጥ ያስተምርሃል። ድስት ካዋሰህ ወጡን ቀምሶ ጨው ይጨምርበታል። ይህ ሰው የሌለበት ከተማ ካለ ገና ያልተቆረቆረ መሆን አለበት።

በደርግ ዘመን፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሳይመጣ፣ የራያ ቆላ ማሽላ ሰው ውጦ በሚያስቀርበት በዚያ ደግ ጊዜ፣ የቆቦው የዚህ ወገን አለቃ አቶ ሙሀመድሰይድ ነበሩ። ያወቃቸው ሰው ዛሬም ስማቸው ሲነሳ መሳቁ አይቀርም። አናጢው እንድሪስ ግን ያኔ የሚስቅበት አንጀት አልነበረውም። ልጁን በድረዲንን ሊድር ነው፤ በር ያስፈልገዋል፤ በሩ ደግሞ ያለ አቶ ሙሀመድሰይድ አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንድሪስ ቤት የአናጢ ቤት ሆኖ ሳለ በሩ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። የሰው በር ሲሠራ የራሱን "ነገ" እያለ ዓመታት አለፉ። የሙሽራዋ የዚነት ዘመዶች ከሮቢት ለዝምድናው መልስ ሊሰጡ የመጡ ዕለት፣ አክስቷ ኡሙሃኒ ጆንያውን በሁለት ጣቷ ብቻ ገለጠችው። እንደ ገለጠችውም ደጃፉ ላይ ቆማ፣ "ልጃችን በር ያለው ቤት ነው የምትገባው። በር ከሌለ በመጣችበት መኪና ትመለሳለች" አለች። ኡሙሃኒ ቃሏን የምታጥፍ ሴት እንዳልሆነች ከሮቢት እስከ ጎብዬ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንድሪስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

ለልጁ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ሠራለት። በሩንና መቃኑን አዘጋጀ። በመቃኑ ዙሪያ ለጌጥ የሚመታው ክፈፍ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ አለው፤ ያውም የአባቱ እጅ ሥራ። አባቱ ከዋንዛ ጠርበው፣ ዳር ዳሩን ሐረግ አስመስለው ፈልፍለው ለገዛ ቤታቸው ያበጁት ነው። ያን ቤት የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሲወስደው የተረፈው ይኸው ክፈፍ ብቻ ነው። እንድሪስ በጨርቅ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ሰቅሎት ኖሯል። አሁን አውርዶ ከጫፉ የተረፈውን ቁራጭ ቆርጦ በመዶሻ ቢሞክረው፣ ከርሞ የደረቀ እንጨት ነውና ቋ ብሎ የስንዝር ያህል ተሰነጠቀ። አስቀድሞ በመሰርሰሪያ በሳስቶ ቢሞክርም ያው ሆነ። መዶሻውን አስቀምጦ ራሱን ያዘ። በቆቦ ምድር ያንን እንጨት ሳይሰነጥቅ የሚመታ አንድ ዕቃ ብቻ ነበረ፤ ባለቤቱም ይታወቃል።

ዕቃው በነፋስ የሚሠራ የሚስማር መምቻ ነው። መልኩ ሽጉጥ ይመስላል። ከኋላው ቱቦ ይገጠምለትና ከኮምፕሬሰር የሚመጣው ነፋስ መርፌ የሚያህል፣ ራስ የሌለው ሚስማር በአንድ ትንፋሽ እንጨቱ ውስጥ ይከተዋል። እንጨቱ መመታቱን ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል። አቶ ሙሀመድሰይድ ያገኙት የፈረንጅ ውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ካምፕ ሲነሳ ነው፤ እዚያ የግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ፈረንጆቹ ሊሄዱ ሲሉ ሠራተኛው አንዳንድ ዕቃ መርጦ እንዲወስድ ተፈቀደለት። ሰው ድንኳንና ብርድ ልብስ ሲናጠቅ፣ እሳቸው ሁለት የሚስማር መምቻ ፊታቸው ደርድረው ተቀመጡ። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ወፍራም ሚስማር እየተፋ ሞራሌ ከሞራሌ ይሰፋል። ሁለተኛው ትንሽ ነው። አንዱን ያነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ሌላውን ያነሳሉ፤ በክንዳቸው ይመዝናሉ፤ አፉን በጥፍራቸው ይለካሉ። ጥላው ሲዞር አብረው እየዞሩ ውለው በመጨረሻ ትንሹን ያዙ። ሰዉ ቢስቅባቸው፣ "በትልቁ ቤት ይቆማል፤ ቤትማ ማንም ያቆማል። ቤት የሚያምረው በትንሹ ነው" አሉ።

ባለቤታቸው አሲያ አልሳቀችም። "ሰው ድንኳን ይዞ ገባ፣ የኔው ሚስማር ይዘው ገቡ። ለመሆኑ ነፋሱስ?" አለቻቸው።

ስለ ነፋሱ አላሰቡም ነበር። ኮምፕሬሰሩን ካምፑ ይዞት ሄዷል። ስለዚህ ጎሚስታው ታደሰ ኮምፕሬሰር እስኪያስመጣ ድረስ ያ ዕቃ ዘይት እየተቀባና በሽርጥ እየተጠቀለለ አንዲት ሚስማር ሳይተፋ በክብር ተቀመጠ። በዚሁ መሃል የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጋሹ "ጓድ፣ ቤትዎ ያልተመዘገበ መሣሪያ አለ ተብሏል" ብሎ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን በጓሮ ይጠፋ ነበር። አቶ ሙሀመድሰይድ ግን በርጩማ አቀረቡለት። ከሚስማር ውፍረት ጀመሩ፣ ወደ ርዝመት ተሻገሩ፤ ሚስማር ከክፈፉ ውፍረት ሁለት እጥፍ ካልዘለለ እንደማይነክስ፣ እንጨቱን በደም ሥሩ አቅጣጫ ከመቱት ደግሞ ተጣሞ በጎን ወጥቶ ጣት እንደሚወጋ አስረዱ። ጋሹ ጠመንጃውን ታቅፎ አዳመጠ፣ አዛጋ፣ በመጨረሻ "ጓድ፣ ይፍቀዱልኝና ልሂድ" አለ። በዚያ ዘመን አብዮት ጥበቃ ፈቃድ የጠየቀው ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የታደሰ ጎሚስታ አስፋልቱ ዳር፣ ከግራር ሥር ነበር። ኮምፕሬሰሩ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ቱቦው ደግሞ አጭር ነው። ሌላ አገር መሣሪያው ወደ ቤት ይሄዳል፤ ቆቦ ላይ የቤቱ ዕቃ ወደ መሣሪያው ይመጣ ነበር። ቁም ሳጥኑም፣ የመስጊዱ መደርደሪያም በሰው ትከሻ አስፋልት ይወርድና፣ ከጎማ ላይ ተጋድሞ፣ ተመትቶ አልቆ ይመለሳል። ወደ አሥመራ የሚያልፉ ሹፌሮች ጎማቸው እስኪነፋ ሻይ ይዘው ከበው ያያሉ። አቶ ሙሀመድሰይድ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጠው ይሰብካሉ። "ሚስማር ይመረጣል እንጂ አይመታም።" ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው፣ "አፉ ሳይስም አትሳብ" የሚል ነው፤ የመሣሪያው አፍ እንጨቱን አጥብቆ ሳይነካ ቃታ አይሳብም ማለታቸው ነው። ቃታውን የሚስበው ባለ ሥራው ነው፤ እሳቸው ግን የባለ ሥራውን የእጅ አንጓ ጨብጠው ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲያጓራ፣ ሰው ሲሳሳቅ፣ ከሆርማት በኩል ያ ሙቅ ነፋስ ሲመጣ፣ ያ የአስፋልት ዳር እንዴት ደስ ይል ነበር። ያኔ ግን ማንም ደስ እንደሚል አላወቀም፤ ሁሉም ሙቀቱን ያማርር ነበር።

ታደሰ ሳምንቱን ሙሉ የወታደር መኪና ጎማ ሲነፋ ሰንብቶ ለእንድሪስ ፋታ ያገኘው የሰርጉ ዕለት ጠዋት ነው። እንድሪስ መቃኑንና የአባቱን ክፈፍ ይዞ ወረደ። አቶ ሙሀመድሰይድ ቀድመው ተቀምጠዋል።

"ይህ ዋንዛ ሽማግሌ ነው" አሉ ክፈፉን እየዳበሱ። "ሽማግሌ በኃይል አይመከርም። ታደሰ፣ ነፋሱን ቀንስ።"

"ቀንሻለሁ።"

"ጨምረህ ቀንስ። ያ እንድሪስ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝ። አፉ ይሳም። አሁን።"

"አያ ሙሀመድሰይድ፣ እጄን ቢለቁልኝ?"

"እጅህን ለመዶሻ ለቅቄው አልነበር? ምን እንዳደረገ አየነው።"

እንድሪስ ጥርሱን ነክሶ ሳበ። ጥፍ አለ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ሐረጉ እንዳለ ነው፤ የጸጉር ያህል ስንጥቅ የለም። ደግሞ ሳበ። አንድ ወገን አለቀ። መቃኑን ገለበጡትና አቶ ሙሀመድሰይድ "ነፋሱ በርሜሉ ውስጥ እያለ እንጨርሰው" ብለው ሁለተኛውን ወገንም አስመቱ። እንድሪስ የአባቱን ሥራ ዳግመኛ መቃን ላይ ማየቱ አስደስቶት ሌላ ነገር አልታየውም። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። መቃኑን በአራት ሰው አሸክመው፣ በዘፈን፣ ወደ ሰርጉ ግቢ ወጡ።

መቃኑ ግድግዳው ላይ የተተወለት ክፍት ቦታ ዘንድ ሲደርስ ዘፈኑ ቆመ።

እስከዚያ ቀን ጎሚስታው ዘንድ የሄደው ሁሉ ቁም ሳጥንና መደርደሪያ ነበር፤ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ነገር ሄዶ አያውቅም። ክፈፍ ደግሞ ከመቃኑ ወጣ ብሎ ግድግዳው ላይ የሚያርፍ ነው። ባንድ ወገን ብቻ ቢመታ መቃኑ በሌላው ወገን ይገባል። በሁለቱም ወገን ከተመታ ግን ጫፍና ጫፉ እንደተቋጠረ ክር ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ አያልፍም። ይህን የቆቦ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ጠዋት ግን አናጢውም፣ ጎሚስታውም፣ ያጨበጨበውም ሹፌር አላሰበውም።

እንድሪስ ጉጠቱን አንስቶ ወደ ክፈፉ ተጠጋ። ቢነቅለው ይሰነጠቃል። ባይነቅለው በር የለም። ዘወር ሲል አቶ ሙሀመድሰይድ ግድግዳውን በጥሞና ሲመረምሩ አገኛቸው።

"ስህተቱ ግድግዳው ላይ ነው" አሉ። "ቀድሞ ባይሠራ ኖሮ ልክ ነበር።"

"ከዚህ ግቢ ይውጡልኝ" አለ እንድሪስ። በሕይወቱ ለታላቅ ሰው እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። "ዕቃዎትን ይዘው ይውጡልኝ። ወላሂ፣ ከእንግዲህ ሥራዬ አጠገብ እንዳላይዎ።"

አቶ ሙሀመድሰይድ ዕቃቸውን አነሱ። ወጡ። እንድሪስ ጉጠቱን ወርውሮ ዶማ አነሳ። የአባቱን ሥራ ከሚያፈርስ የራሱን ያፍርስ። በክፍቱ ግራና ቀኝ ያለውን ጭቃና ማገር ናደው፤ ጎረቤቱም ተጠርቶ በጅጊ ተረባረበ። ሴቶቹ ጭድ ይነሰንሳሉ፣ ጎረምሶቹ ጭቃ ይረግጣሉ። መቃኑን አቁመው በዙሪያው ግድግዳውን እንደገና ሊሠሩት ነው፤ መዝጊያው ጭቃው ሲደርቅ ይሰቀላል። አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ጭቃው እስኪይዝ መቃኑ ሳይነቃነቅ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ የድጋፍ እንጨት ቢገደግዱበት ደግሞ ሙሽራዋ መግቢያ የላትም። ሰው ነው ተደግፎ መያዝ ያለበት፤ ሁሉም እጅ ግን ጭቃ ላይ ነው።

"እኔ እይዘዋለሁ" አለ አንድ ድምፅ። አቶ ሙሀመድሰይድ ነበሩ። ለካ ከአጥሩ አልራቁም። ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ጭቃው መሃል ገብተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መቃኑን ያዙ። እንድሪስም ቀና ብሎ አላያቸውም፤ ሂዱም አላላቸው።

ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት እንደ ቆሙ ቆዩ። ላቡ በዓይናቸው ይገባል፤ አይጠርጉትም። ጭቃው ሽርጣቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ አያራግፉትም። ያ ሁሉ ሰው ሲሠራ እሳቸው ምንም ምክር አለመስጠታቸው እንድሪስን ከድካሙ በላይ ከበደው። አንድ ሁለት ጊዜ እንዲያርሙት ብሎ ጭቃውን አጣሞ ለጠፈ። አላረሙትም።

የሮቢቱ መኪና በእልልታ ገባ። ሹፌሩ ሰዓት እላፊ እንዳይዘው ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ኡሙሃኒ ዚነትን በክንዷ ይዛ ቀድማ ወረደችና በሩ ፊት ቆመች። ሐረጉን በጣቷ ተከትላ እስከ ላይ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ጭቃ የተለወሱት ሽማግሌ ላይ አረፈ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"በሩ ነው" አለ እንድሪስ።

"በሩንስ አየሁት። ሰውየውን ነው።"

"እሳቸውም ከበሩ ጋር ናቸው።"

ኡሙሃኒ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። "መልካም። እንግዲህ ዱአ ይደረግና ትግባ። የምታስደርጉት የትኛውን አባት ነው?"

ግቢው ውስጥ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንዱ እንደውም ጉሮሮውን ጠረገ። እንድሪስ ክፈፉን አየ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሥራቸው ግድግዳ ላይ ውሎ አያውቅም፤ አሁን አንድም ሳይሰነጠቅ ቆሟል። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"አያ ሙሀመድሰይድ ያድርጉልን" አለ።

"እጄ ተይዟል" አሉ ቀስ ብለው።

እንድሪስ ጭቃውን ተራምዶ ሄደና ትከሻውን መቃኑ ላይ አስደገፈ። "ይልቀቁት። እኔ ይዤዋለሁ።"

ጣቶቻቸው ደንዝዘው ስለነበር አንድ በአንድ አላቀቋቸው። ጭቃ የደረቀበትን መዳፋቸውን ዘረጉ። "ያ አላህ፣ ይህን ቤት ሐለዋ፣ እንደ ማር ጣፋጭ አድርገው። ሁለቱ ተጣብቀው ይኑሩ። ችግር ሲመታቸው አይሰንጠቃቸው።" ሰዉ ሁሉ "አሚን" አለ። ዚነት በክንዳቸው ሥር ጎንበስ ብላ ገባች፤ እልልታው ቀለጠ።

አቶ ሙሀመድሰይድ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አበሱና ወደ እንድሪስ ዘወር አሉ። መቃኑን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

"ለቅቄው ገና ምራቅ ሳልውጥ ጋደል አደረግኸው" አሉ። "ወደ ቀኝ ትንሽ።"

እንድሪስ አቀናው። ቀና እንደነበር ያውቃል። ያም ሆኖ ከቀትር ጀምሮ ሲጠብቀው የዋለው ይህንኑ ነበርና፣ "አሁንስ፣ አያ?" ብሎ ጠየቃቸው።