የደጃዝማቹ ገላ መታጠብ

ቀዝቃዛ ውሃ አያስፈራም። ምን እንደሚያደርጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትንቀጠቀጣላችሁ፣ ትሳደባላችሁ፣ አለቀ። የፈላ ውሃም ቢሆን እንፋሎቱን አይታችሁ ትሸሹታላችሁ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ጠባዩ የማይታወቀው ነው፤ ለብ ብሎ ጀርባችሁን ሲዳብስ ቆይቶ፣ ሳታስቡት ቆዳችሁን የሚልጠው። አለቃም እንዲያው ነው። እኔ ደግሞ ዕድሌ ሆኖ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ቡታጅራ ላይ ሁለቱም ባንድ ግቢ ገጠሙኝ።

አለቃዬ ፊታውራሪ የወረዳው ገዥ ነበሩ፤ እኔ ጸሐፊያቸው። እንደ አዲስ አበባ ሰው በቧንቧ መታጠብ አማራቸውና ጓሮ ውስጥ ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ አስክበው ሁለት በርሜል አስቀመጡበት፤ አንደኛው ከሥሩ እሳት ይነድበታል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው። ከሁለቱም የተሳበው ቧንቧ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ይገናኛል። ከቀዝቃዛው ደግሞ አንድ ቅጥያ ወደ ግቢው ወጥቶ ሠራተኛው ሁሉ ይቀዳበታል። ይህችን ቅጥያ እንዳትረሷት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ፊታውራሪ ግማሽ አካላቸው አረፋ እንደሆነ፣ ጋቢ አገልድመው እየጮሁ ወጡ። ትከሻቸው በርበሬ መስሏል።

«ደጃዝማች ለጉብኝት ሊመጡ ነው! እዚሁ ነው የሚያርፉት!» አሉኝ። «ይህን ውሃ ጠባይ አስይዝልኝ። እሳቸው ቢቃጠሉ፣ አንተን ኦጋዴን ነው የምሰድህ!»

እኔ ስለ ቧንቧ ምን አውቄ? ግን የአዲስ አበባ ልጅ ነበርኩ። ያኔ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ራዲዮ ይጠግናል፣ መርፌ ይወጋል፣ የማያውቀው ነገር የለም ተብሎ ይታመናል። አላውቅም ማለት ደግሞ ከውሃውም በላይ ያስፈራ ነበርና፣ እሺ ጌታዬ አልኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሳቱን ነው። እንጨት ቀነስኩ፣ ውሃው በረዶ ሆነ። ጨመርኩ፣ ዶሮ ለመንጨት የሚበቃ ሆነ። እኩል አድርጌ ብጠብቀው ደግሞ ለብ ብሎ ይቆይና ድንገት ያብዳል። ቤቱ ጂኒ ገብቶበታል ማለት ተጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ወደ ማመኑ ተቃርቤ ነበር።

በመጨረሻ ልብሴን አውልቄ፣ በስመ አብ ብዬ ራሴ ገባሁበት። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ልቤ መለስ ስትል፣ ኧረ ተቃጠልኩ! ዘልዬ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። በመስኮቱ ባይ፣ ዘበኛው ጋሽ ከድርና ሌሎቹ የግቢው ሠራተኞች የአስር ሶላት ደርሶባቸው፣ ከግቢው ቧንቧ ተራ በተራ ውዱእ ያደርጋሉ። እግራቸውን ታጥበው ሲዘጉት የእኔም ውሃ ለብ አለ። ለካ ያቺ ቅጥያ ስትከፈት ቀዝቃዛው ወደዚያ ይሮጣል፤ ለመታጠቢያ ቤቱ የሚቀርለት የፈላው ብቻ ነው!

ለጋሽ ከድር ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ወላሂ? ፊታውራሪን ያቃጠልናቸው እኛ ነን?»

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሰው ይሰማል!» አልኩ።

ተማክረን ነገሩን በሆዳችን ያዝነው። ደጃዝማች ምሳ በልተው ወዲያው ቢታጠቡ ከአስር ሶላት በፊት ይጨርሳሉ፤ ማንም ማንንም አያቃጥልም። ለፊታውራሪም «አስተካክዬዋለሁ» ብቻ አልኳቸው። ማን ምን እንዳደረገ ብናገር፣ ሽማግሌው ዘበኛ ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው።

ቀኑ ደረሰ። ደጃዝማች መጡ፣ ክትፎው ቀረበ፣ እሳቸውም ጨዋታ ያዙ። አቤት ጨዋታ! ምሳው አላልቅ አለ። ገላቸውን ሊታጠቡ ሲነሡ የአስር ሶላት ደርሷል። ውሃው ሲወርድ ስሰማ ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጬ በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ጋሽ ከድር እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሠራተኞቹን አስከትለው መጡ።

«ልጄ፣ ወቅቱ ገባ እኮ።»

«ጋሽ ከድር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ይህ ቧንቧ ከተከፈተ አለቀልኝ።»

ቧንቧውን እንዳነቅኩት አዩኝ። «ሶላቱ ትንሽ ይታገሠናል» አሉ፤ «ኦጋዴን ከሄድክ ግን መመለሻህን አላህ ነው የሚያውቀው።» ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁላችንም ጩኸት ጠበቅን። አንድ በር ሲንኳኳ እንኳ ቧንቧውን ይበልጥ አጠብቀዋለሁ።

ጩኸት አልመጣም። ደጃዝማች ካባቸውን እንደደረቡ ወጡ። «እንዲህ ያለ ውሃ አዲስ አበባም የለ!» አሉ። ፊታውራሪ እጅ ነሡ፤ የቆመው ሁሉ «እንኳን ተስማማዎ!» አለ። እኔም አልኩ። አንገቴን ቀና ሳደርግ ግን ጸጉራቸውን አየሁት፤ ደረቅ ነው። ቶሎ ብዬ አቀረቀርኩ። የደጃዝማች ጸጉር ደረቅ መሆኑን አይቶ መገኘትም እኮ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ውሃውን ልዘጋ ገባሁ። ሳሙናው ከነወረቀቱ ነው። ፎጣው እኔው እንዳጠፍኩት አለ። በርጩማው ተስቦ፣ ውሃው የማይደርስበት ጥግ ግድግዳውን ተጠግቷል።

ስወጣ ፊታውራሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ለማንኛውም ብዬ፣ ከመግባታቸው በፊት ትከሻዬን ገልጬ አሳይቻቸዋለሁ» አሉኝ።

ጋሽ ከድር ከድንጋዩ ተነሥተው ቧንቧውን ይዘው ይጠብቁኛል።

«አሁንስ እንክፈተው?»

«ይክፈቱት ጋሽ ከድር» አልኩ። «ድሮም ውሃው ሥር ሰው አልነበረም።»