ስፒሉን ማን ይያዝ?

(ጠባብ የልብስ ስፌት ሱቅ። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ መቀስ አለ። መኪናዎቹ የሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ መቀሱ ግን የታላቅ ብቻ ነው። ታላቅ የቆረጠውን ታናሽ ይሰፋል። ደንበኛ ልብስ ሲለካ ደግሞ ታናሽ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ይቆማል። አፉ ስፒል የሞላ ሰው መቼም መልስ አይሰጥም፤ ሰፈሩ ግን ይህን ሳያገናዝብ “ያ ሞኙ” ይለዋል። አሁን ስልኩ የክር ጥቅል ላይ ተደግፎ ቆሟል። ታናሽ በካናቴራ ተቀምጧል፤ ታላቅ ኮት ይዞ ከላዩ ቆሞበታል።)

ታላቅ፦ ልበስ አልኩህ! የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት በካናቴራ ይቀረባል?

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ይሞቃል።

ታላቅ፦ የልብስ ሰፊ ወንድም በካናቴራ ታየ ከተባለ ማን እኛ ጋ ያሰፋል? እጅህን አስገባ!

ታናሽ፦ (እያስገባ) ሱሪውስ?

ታላቅ፦ ሱሪ ምን ይሠራል? በቪዲዮ ከወገብ በታች አይታይም።

ታናሽ፦ እሳቸው ግን የማይታየውን ንገረኝ ነው የሚሉኝ።

ታላቅ፦ ወይ አንተ! ስለ ሱሪ መሰለህ? ይሄን ይዘህ ነው ስትማከር የከረምከው? ስማ፣ የኦንላይን ምክር የሚጠቅመው አጠቃቀሙን ለሚያውቅ ነው። አንደኛ፣ ብርሃን! (ወንበሩን ከነሰውየው ወደ መስኮቱ ያዞረዋል) ሁለተኛ፣ ብቻህን መሆን አለብህ።

ታናሽ፦ (በተስፋ ወደ በሩ እያየ) ብቻዬን?

ታላቅ፦ ፍጹም ብቻህን! እኔ እዚሁ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ማንም እንዳይገባ እጠብቅልሃለሁ።

(በሩን ይዘጋል። በርጩማ ስቦ ጉልበቱ ጉልበቱን እስኪነካው ይጠጋል። የታናሽ ተስፋ ብልጭ እንዳለ ይጠፋል።)

ታላቅ፦ ሦስተኛ፣ የምትለውን አስቀድመህ ተለማመድ። ምን ልትል ነው?

ታናሽ፦ እውነቱን ለመናገር ጋሼ፣ ዛሬ የምናገረው ላንተ...

ታላቅ፦ ለእኔ ልትለማመድ! ጎሽ! እኔ አማካሪዋ ነኝ በል። (ድምፁን አቅጥኖ) “እሺ ወንድም፣ ምን አስጨነቀህ?”

ታናሽ፦ (ትንፋሹን ስቦ) አንድ ሰው አለ።

ታላቅ፦ አከራያችን!

ታናሽ፦ አይደለም። ይሄ ሰው ይወደኛል።

ታላቅ፦ አከራያችንማ ማንንም አይወድም። እሺ፣ ቀጥል።

ታናሽ፦ አብረን ነው የምንውለው። ልናገር አፌን ስከፍት...

ታላቅ፦ ያቋርጥሃል!

ታናሽ፦ አዎ።

ታላቅ፦ እንደዚህ ያለ ሰው ሞቴ ነው! ጨዋ ሰው እኮ...

ታናሽ፦ ጋሼ፣ እሱ ደግሞ...

ታላቅ፦ አታቋርጠኝ! ጨዋ ሰው እኮ ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቃል። ማነው ይሄ ስድ?

ታናሽ፦ ስድስ አይደለም። አባባ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ፣ ሙያም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ታላቅ፦ አጎታችን! ድሮም ዓይኑ አያምረኝም ነበር!

ታናሽ፦ (ግንባሩን ይዞ) የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉት ሰዎች ቆራጭ ሊያደርጉኝ ጠርተውኛል። መልሴን የሚጠብቁት እስከ ማታ ነው። እኔ ግን ከሱ መለየት አልፈልግም። ሙያው አለኝ፤ መቀሱን ብቻ አንድ ቀን ቢሰጠኝ...

ታላቅ፦ ቆይ፣ አጎታችን መቀስ ከየት አመጣ?

(ታናሽ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።)

ታላቅ፦ በል ለአማካሪህ ደውልላቸው! እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አንተ ታበላሸዋለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!

ታናሽ፦ ተደውሏል።

ታላቅ፦ መቼ?

ታናሽ፦ ኮቱን ስታለብሰኝ።

አማካሪዋ፦ (ከስልኩ) ጤና ይስጥልኝ። ብርሃኑ ግሩም ነው።

ታላቅ፦ (ከበርጩማው ብድግ ብሎ) እ... ሁሉንም ሰሙ?

አማካሪዋ፦ ከሱሪው ጀምሮ። ሰላም ልበል ብዬ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር፤ ክፍተት አላገኘሁም።

ታላቅ፦ (ወደ ታናሽ፣ በሹክሹክታ) አንተ! መከፈቱን ለምን አልነገርከኝም?

ታናሽ፦ ባለፈው ጊዜ እሳቸው “ለሰውየው አንዲት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ንገረው” አሉኝ። አይቻልም አልኳቸው። “ኧረ አጋነንከው” አሉኝ። በወሬ የሚገባ ነገር ስላልሆነ በጆሯቸው ይስሙት ብዬ ነው።

አማካሪዋ፦ አሁን ገብቶኛል። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

(ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ታላቅ መቀሱን ያያል፤ ወንድሙን ያያል፤ እንደገና መቀሱን ያያል። አዋቂው ሰውዬ ለማወቅ ጊዜ ፈጀበት።)

ታላቅ፦ ሰውዬው... እኔ ነኝ?

ታናሽ፦ አጎታችን መቀስ የለውም፣ ጋሼ።

ታላቅ፦ እኔ እኮ ጨርቁን እንዳታበላሽ ብዬ እንጂ... (ራሱን በራሱ ያቋርጣል። ድምፁ ዝቅ ይላል) አባባ መቀሱን ሲሰጠኝ “ወንድምህን አደራ” አለኝ። አንተንም መቀሱንም እንዳትወድቁብኝ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ትሄዳለህ እንዴ?

ታናሽ፦ መልስ ልስጥህ?

(ታላቅ “በርግጥ መልስማ...” ሊል አፉን ከፍቶ ይገታዋል። ምላሱን ያውቃታል፤ ለቃሉ አትታመንም። ስለዚህ ከትንሿ የስፒል መሰኪያ ትራስ ላይ ስፒሎቹን እየነቀለ አንድ በአንድ በገዛ ከንፈሩ ይሰካና መቀሱን በጠረጴዛው ላይ ወደ ወንድሙ ይገፋለታል። ታናሽ መቀሱን ያነሳል። ከጠበቀው በላይ ይከብዳል፤ ዓይኑም እንባ ያቀርራል።)

ታናሽ፦ ጋሼ፣ እኔ የማስበው...

(ከልማድ የተነሳ እስኪቋረጥ ይጠብቃል። የሚያቋርጠው የለም። ታላቅ ስፒሉን ነክሶ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ “ምም! ምም!” እያለ በእጁ ቀጥል ይለዋል።)

አማካሪዋ፦ አይዞህ፣ ቀጥል። እየሰማንህ ነው።

ታናሽ፦ (ግራ ተጋብቶ) እኔ እንጃ... እዚህ ድረስ ደርሼ አላውቅም። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?