አንድ በፈቃድ

ጆሮ ያለው በጆሮው፣ ጆሮ የከበደው በጎረቤቱ ይስማ። ቁመታቸው ከነቆባቸው የቁም ሳጥኑን እጀታ በጥቂቱ የሚበልጠው፣ የአራት ክፍሎችና የአንድ ኮሪደር የበላይ ጠባቂ፣ የበር ደወል ተቆጣጣሪ፣ የስምንት ብርጭቆዎች አዛዥ የሆኑት ክቡር ሃምሳ አለቃ ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል። የቤቱ ሰው የራሱን መላ ይፈልግ።

እንዲህ ያለ አዋጅ አልተነገረም እንጂ መነገር ነበረበት። ጡረታ የወጣ ወታደር አይቻለሁ የሚል ካለ፣ ያየው የተሰቀለ ቆብ ነው። ጡረታ የሚወጣው ዩኒፎርሙ ነው፤ ሰውየው ወደ ሳሎን ይዛወራል። ፖሊስ ከሆነማ ጭራሽ። ሃምሳ አለቃው ደግሞ ሁለቱንም ነበሩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ወታደር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ። ለአንድ ቤተሰብ አንዱ ብቻ በበቃ ነበር።

የጦር ሜዳ ጀብዷቸውን ማወቅ የሚፈልግ ትንሿን የልጅ ልጃቸውን ይጠይቅ። «ምልምል» ነው የሚሏት፤ ገና ያልሠለጠነች ወታደር ማለታቸው ነው። ምልምል በልጅነቷ ጉዳዩን አጣርታ የደረሰችበት እውነት ይህ ነው፦ ክቡርነታቸው ከአሥራ አንዱ ዓመት ስምንቱን ያሳለፉት የጦሩን ወጥ ቤት ድስት በመጠበቅ ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ድስት በጠላት እጅ አልወደቀም።

ቤቱ ውስጥ ሃምሳ ሰው አልነበረም። ሚስታቸው፣ ትልቋ ልጃቸው ከነባሏ፣ ያላገባችው ትንሿ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆች። እሳቸውን ጨምሮ ሰባት። ሃምሳ አለቃው ግን «ስምንት ነን» ይላሉ። ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን።

አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳና ሠራተኛ ተጠራ። ውኃው ኮሪደሩን አልፎ ሳሎን ሊገባ ነው። ክቡርነታቸው በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«መታወቂያ።»

«አባባ፣ እኔ ቧንቧ ልሠራ ነው የመጣሁት እንጂ ልታሰር አይደለም።»

«ሁለቱም በመታወቂያ ነው።»

ሰውየው መታወቂያውን አስረክቦ፣ የያዛቸውን መፍቻዎች አስቆጥሮ ገባ። ሲወጣም እንደዚያው። አንድ መፍቻ ጎደለ ተብሎ ቤቱ ተበረበረ፤ መፍቻው የተገኘው የኋላ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ለኤግዚቢት ይዘውት ኖሯል። ሚስታቸው ከወጥ ቤት ሆነው፣ «ጦሩ እሳቸውን ሲያሰናብት ተገላገለ፤ እኛን ማን ይገላግለን» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግም አልሞከሩም።

አልጋ አነጣጠፍማ የክብር ጉዳይ ነበር። የአንሶላው እጥፋት በስንዝር ይለካል። ያልተስተካከለ አልጋ ይፈርሳል፤ ባለቤቱም ዳግም ያነጥፋል። ምልምል አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ግፉ በዛባትና «የአንሶላ ጭቁኖች ድምፅ» የተባለ በራሪ ወረቀት ጽፋ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፈች። «የኮሪደሩ ሕዝብ ሆይ፣ እስከ መቼ?» ብሎ ይጀምራል። ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ እዚያው ተለጥፎ አገኘችው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቀን የለውም። ፊርማ የለውም። ያልተፈረመ ተቃውሞ አሉባልታ ነው። ተስተካክሎ ይቅረብ።» ምልምል አፍራ ፈርማ አቀረበችው። ተቃውሞው ተቀባይነት አላገኘም፤ ነገር ግን በደንብ ፋይል ተደርጓል።

ከሁሉ የከፋው ግን ቆጠራው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሻይ ተቀድቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ማንም እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ይነሣሉ። መነሣታቸውን የሚያውቀው ልብ ብሎ ያየ ብቻ ነው፤ ተቀምጠውም ቆመውም ያው ናቸው። የእያንዳንዱን ሰው ፊት ትክ ብለው ያያሉ። «አለሁ» ማለት አይበቃም፤ መታየት ግድ ነው። ከዚያ የት እንዳለ ለማይታወቅ አለቃ ሪፖርት ያቀርባሉ።

«ስምንት። ሰባት በቦታው፣ አንድ በፈቃድ።»

«አባባ፣ ሰው እኮ ሥራ ይረፍድበታል» ትላለች ትልቋ ልጃቸው።

«ያልተቆጠረ ሰው የት ይደርሳል?» ይላሉ።

ስምንተኛው ብርጭቆ ሻይ ተሞልቶ ማንም ሳይነካው ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቅዞ ይደፋል፤ በማግስቱ እንደገና ይቀዳል። ምልምል ይህን ሁሉ ጊዜ ስትስቅበት ኖራለች። እንዲያውም አንድ ጊዜ በበራሪ ወረቀቷ ላይ «ለመንፈስ ሻይ የሚቀዳበት ብቸኛው ጦር ሰፈር» ብላ ጽፋለች። ያንን ወረቀት አያቷ አላረሙትም። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ የዚያን ዕለት አልጋም አልፈተሹም።

ነገሩን የነገረቻት ስምንተኛውን ብርጭቆ ስታጥብ የነበረችው አክስቷ ናት።

ምልምል የአራት ዓመት ልጅ ሳለች የአክስቷ ታናሽ ወንድም፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ተደባድቦ የአንድ ሱቅ መስተዋት ይሰብራል። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተይዞ ጣቢያ ሲወሰድ የዕለቱ ተረኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሃምሳ አለቃው። ሌላ ሰው ቢሆን «ይህን ልጅ አንተ መዝግብልኝ» ብሎ ወጥቶ ፊቱን ይታጠብ ነበር። እሳቸው ግን እስክሪብቶ አነሡ።

«ስም?»

«አባባ...»

«እዚህ አባባ የለም። ስም?»

ልጁ ስሙን ተናገረ።

«የአባት ስም?»

አራቱ ጓደኞቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ልጁ አባቱን ፊት ለፊት አየና፣ «የለኝም» አለ።

መመሪያው ግልጽ ነው፤ የተጠርጣሪ ቃል ከአፉ እንደወጣ ይጻፋል። ሃምሳ አለቃው ጻፉት። «የአባት ስም፦ የለኝም ይላል።» በማግስቱ ልጁ ተለቀቀ። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ቤት አልረገጠም። ሌላ ከተማ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ መሆኑን አክስቷ ብቻ ታውቃለች።

«በማግስቱ ጠዋት ተነሥተው ቆጠሩ» አለች አክስቷ ብርጭቆውን እያደረቀች። «ጠፋ ይላሉ፣ ኮበለለ ይላሉ ብለን ስንጠብቅ 'አንድ በፈቃድ' አሉ። ይኸው ነው።»

ምልምል አድጋ ማተሚያ ቤት ተቀጠረች፤ የሌላ ሰው ስሕተት እያረመች እንጀራዋን ትበላለች። ሃያ አምስት ዓመቷ ላይ አያቷ ደረታቸውን ያማቸው ጀመርና ክሊኒክ ይዛቸው የሄደችው እሷ ነች። መተላለፊያው ላይ ወረፋው ተተረማምሷል። ክቡርነታቸው ታመው፣ አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው ከኮታቸው ኪስ ፊሽካ አወጡና ነፉት። ሕመምተኛ ሁሉ ተሰለፈ። ሐኪሙ ምን ተፈጠረ ብሎ ብቅ ሲል እሱንም አሰለፉት። ዘጠነኛ ሆነ።

ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ ምልምል ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ መቁጠር ለምን ይወዳሉ?»

«አልወድም።»

ከዚያ ከድስት ጋር ያልተያያዘውን ብቸኛ የጦር ሜዳ ታሪካቸውን ነገሯት። ወጣት ሳሉ ጭነት መኪና ላይ ከመሳፈራቸው በፊት የጓዱን ወታደሮች እንዲቆጥሩ ታዘዙ። ጀርባቸውን ሰጥተው ስም ጠሩ። ዛፍ ሥር ለተኛ አንድ ሰው ጓደኛው «አቤት» አለለት። «ሰው አልጎደለም» ብለው ሪፖርት አደረጉ፤ መኪናው ሄደ። ሰውየው ከሁለት ቀን በኋላ በእግሩ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደረሰ።

«ተሳደበ?» አለች ምልምል።

«ቢሳደብ ጥሩ ነበር። 'ጎድዬ ነበር እኮ፤ አላያችሁም?' ነው ያለኝ።» ፊሽካውን በጣቶቻቸው አገላበጡት። «ከዚያ ወዲህ ፊት ሳላይ ቆጥሬ አላውቅም።»

«ታዲያ ልጅዎን ለምን አላስጠሩትም? ሃያ አንድ ዓመት እኮ ነው።»

«በፈቃድ ላይ ያለ ሰው አይጠራም። ፈቃዱ ሲያልቅ ራሱ ነው የሚመለሰው።»

«እሱ በፈቃድ ላይ መሆኑን ያውቃል?»

ሃምሳ አለቃው ፊሽካውን ኪሳቸው መልሰው ከተቱት። በሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግሎት ውስጥ የፈቃድ ወረቀቱን ለባለፈቃዱ መስጠት የረሱት ይህን አንዱን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ ምልምል ማተሚያ ቤት ውስጥ ግማሽ ገጽ ወረቀት አተመች። የመጨረሻ በራሪ ወረቀቷ መሆኑ ነው። «ለአጎቴ» ይላል። «ከሄድክበት ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ትቆጠራለህ። ኮበለለ አልተባልክም፤ ስምህ አልተሰረዘም። 'አንድ በፈቃድ' ነው የምትባለው። ሻይህም ይቀዳል። እኔ ስስቅበት ነው ያደግሁት። አሁን ቆጣሪው ታመዋል።» ቀንና ስልክ ቁጥሯን ጻፈችበት፤ ፈረመችበት። አክስቷ በሰጠቻት የጋራዡ አድራሻ ላከችው።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለላት።

«ምልምል የምትባይው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እውነት ነው?»

«የቱ?»

«ሻዩ።»

«ስኳር ሁለት ማንኪያ። አክስቴ ናት የምታውቀው።»

ከወዲያኛው ጫፍ መዶሻ ብረት ሲመታ ይሰማል። ቆይቶ፣ «ፈቃዱ መቼ ያልቃል አሉ?» አለ።

«ራሱ ያውቃል ብለዋል።»

የመጣው በአንድ ጠዋት ነው፤ ሻይ ተቀድቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ቆጠራው ሊጀመር ሲል። ጠጉሩ በጎንና በጎኑ ሸብቷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ግራሶ አለ። በሩ ላይ ቆመ። እናቱ ጠረጴዛውን ያዙ። ሃምሳ አለቃው እንደምንም ተነሡና የእናት ዕንባ ሳይቀድማቸው ድምፃቸውን አስተካከሉ።

«ስም?»

ሰውየው ስሙን ተናገረ።

«የአባት ስም?»

ምልምል በዚያች ቅጽበት አያቷን ልትመታቸው ደርሳ ነበር። አጎቷ ግን እግሮቹን አጋጥሞ የአባቱን ስም ከነማዕረጉ ተናገረ።

«አልተሰማኝም። ድገመው» አሉ፤ ሁለት ክፍል አልፎ ማንኪያ ያለቦታው ሲቀመጥ የሚሰሙት ሰውዬ።

ደገመው።

«ፈቃድህ አልቋል። ተቀመጥ፤ ሻይህ ቀዘቀዘ።»

ከዚያ ፊቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆዩ። «ስምንት» ብለው ጀመሩና ድምፃቸው እምቢ አላቸው። ምልምል ተነሥታ ጨረሰችላቸው።

«ስምንት በቦታው።»

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ቆጠሩ። ልጃቸው በተገኘበት ጠዋት ሁሉ «ስምንት በቦታው» አሉ፤ ቧንቧ ሠራተኞችንም እንደተለመደው አሰቃዩ። በየወሩ መጨረሻ ሊያያቸው ይመጣ የነበረው ልጃቸው ኋላ ላይ ሥራውን ወደ እነሱ ከተማ አዛወረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። አልጋቸው በስንዝር ተለክቶ ተነጥፏል።

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ከተበተነ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ጠዋት ሻይ ተቀዳ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ማንም እጁን አልዘረጋም። ማን እንደከለከላቸው አያውቁም። አክስቷ ሳታስበው ስምንት ብርጭቆ ሞልታለች። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ነገር የሳቀችው ምልምል ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፤ ተነሣች፤ የእያንዳንዱን ሰው ፊት አየች፤ በመጨረሻ ባዶውን ወንበር አየች።

«ስምንት» አለች። «ሰባት በቦታው፣ አንድ በፈቃድ።»

አጎቷ ዳቦውን አነሣና ከፍሎ ሰጣት። ሁሉም መብላት ጀመሩ።

እንግዲህ አንባቢ፣ ስቀህ ከጨረስክ አንድ ነገር ልለምንህ። ነገ ጠዋት ሻይ ሲቀዳ፣ እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት ቀና በልና ፊቶቹን ቁጠር። የጎደለ ካለ ጠፋ አትበል፣ ከዳ አትበል፣ በፈቃድ ነው በል። ነገር ግን እንደ ሃምሳ አለቃው መመሪያ ጠብቀህ ሃያ አንድ ዓመት አትቀመጥ። ፈቃድ ላይ መሆኑን የነገረው ሰው የለም ይሆናል። ስልኩ ያው አጠገብህ ነው፤ እስቲ አንሣውና...