የሰብሳቢውን ፊት የሚያከብር ካሜራ ለመምረጥ በተደረገው ስብሰባ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00 (በተግባር 3፡35)
ቦታ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ያለው መሰብሰቢያ ክፍል

የተገኙ፦
1. የፕላን ክፍል ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. የንብረት ኃላፊዋ፣ በሠራተኛው አጠራር «እትዬ እሽግ»፣ አባል
3. የኮምፒውተር ባለሙያው፣ አባል
4. ፕላን አርቃቂዋ፣ አባልና ባለጉዳይ
5. የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌለው

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል። ወንበሮቹ ከተገዙ አራት ዓመት ቢሆናቸውም ላስቲካቸው ስላልተነሣ፣ አባላቱ ተደላድለው እስኪቀመጡ በተሰማው ኮሽታ የመክፈቻው ንግግር አልተደመጠም። ይደገምልን ያለ አባል የለም።

አጀንዳ አንድ፦ ካሜራ ስላስፈለገበት ምክንያት

አርቃቂዋ ለዋና አርቃቂነት ሁለት ጊዜ አመልክተው፣ ሁለቱንም ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በቪዲዮ ለቃለ መጠይቅ መቅረባቸውን አስታውሰዋል። ክፍሉ ያለው ካሜራ ሰውን እንደ ጉም ስለሚያሳይ፣ የመጀመሪያው ውጤት «አመልካቿ አልቀረበችም»፣ ሁለተኛው ደግሞ «ከመጋረጃ በቀር የታየ የለም» የሚል ነበር። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ዛሬ 5፡00 ሰዓት እዚሁ ክፍል ውስጥ ስለሚካሄድ ጉባኤው እንዲፈጥን ጠይቀዋል። ሰብሳቢው «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» በማለት ሃያ ደቂቃ የፈጀ ማሳሰቢያ ሰጥተዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ለሙከራ የመጡ ሦስት ካሜራዎች

እትዬ እሽግ፣ ካሜራዎቹ ገና በንብረት መዝገብ ስላልሰፈሩ ካርቶናቸው ቢከፈት እንደማይቃወሙ ገልጸዋል።

የመጀመሪያው ባለ መብራት ነው። እትዬ እሽግ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ዐይናቸው በማልቀሱ «ምን ሰረቅሽ ተብዬ ልጠየቅ ነው እንዴ?» ብለዋል። ውድቅ ሆኗል።

ሁለተኛው የሚንቀሳቀስን ሰው እየተከተለ የሚዞር ነው። በሙከራው ወቅት ሰብሳቢው ንግግር እያደረጉ ሳለ፣ በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው አንድ ዝንብ በመሆኑ ካሜራው ለስምንት ደቂቃ ዝንቡን ተከትሏል። ሰብሳቢው «አለቃና ዝንብ የማይለይ ዕቃ እዚህ ቤት አይገባም» ሲሉ፣ ባለሙያው «ጋሼ፣ እርስዎም ትንሽ ቢንቀሳቀሱ እኮ ይለያል» ብለዋል። ቃላቸው እንዲሰረዝ ተወስኗል።

ሦስተኛው እጅግ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሰብሳቢው ራሳቸውን ከተመለከቱ በኋላ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ስበዋል። የፀጉራቸው ቀለም የሚያበቃበትና የተፈጥሮው ሽበት የሚጀምርበት ድንበር በግልጽ ይታይ ነበር። እትዬ እሽግ «አይዞዎት፣ እኛማ ስናውቀው ቆይተናል» በማለት አጽናንተዋቸዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሦስተኛው ካሜራ እንዲገዛ፣ ሆኖም ምስሉ እንዲለሰልስ ዐይኑ ላይ ስስ ላስቲክ እንዲለጠፍበት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አርቃቂዋ የደገፉት ሰዓቱ 4፡40 ስለነበር ብቻ መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ተመዝግቧል።

አጀንዳ አራት፦ ሳይታሰብ የተነሣ ጉዳይ

ባለሙያው ተስማሚ ላስቲክ እንዲፈልጉ ታዘዙ። ክፍሉን ዞረው ሲያበቁ አሮጌው ካሜራ ፊት ቆመው ቀሩ። ቃላቸው እንዳለ ይህ ነው፦ «እትዬ፣ ይሄ'ኮ ላስቲኩ አልተነሣም! ከፋብሪካ እንደወጣ ነው!»

እትዬ እሽግ «ታዲያስ! እኔ የተረከብኩትን እንዳለ ነው የማስረክበው። ላስቲኩ በመዝገብ ቁጥር ያለው ነው፤ አንተ ልጅ፣ እጅህን ሰብስብ!» ብለዋል። ባለሙያው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። እትዬ እሽግ ከሁለቱ የትኛው እንደሆኑ እንዲብራራላቸው ሲጠይቁ ባለሙያው «ወረቀቱ ነዎት» ብለው ተቀምጠዋል።

ላስቲኩ ይነሣ አይነሣ በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጥቶ ሁለት ለሁለት ሆነ። ጸሐፊው ድምፅ እንደሌለው አስታውሷል። ሰብሳቢው እጆቹን ደግመው በመቁጠር ላይ ሳሉ፣ 4፡58 ላይ ላስቲኩ ተነሥቶ ተገኘ። ማን እንዳነሣው ጉባኤው አላየም። ጸሐፊው የአርቃቂዋን ጥፍር ያየ ቢሆንም፣ ምስክርነት በአጀንዳ ያልተያዘ በመሆኑ ከመመዝገብ ተቆጥቧል።

5፡00 ላይ የዋናው መሥሪያ ቤት ጠያቂ በስክሪኑ ላይ ቀረቡ። በመጀመሪያ የተናገሩት «ውይ! ሰው ነሽ ለካ! እኔ'ኮ መጋረጃው ነው የሚያመለክተው ብዬ ነበር» የሚል ነው። አርቃቂዋም «እኔ ነኝ፤ መጋረጃው ከኋላዬ ነው» ሲሉ መልሰዋል። ከዚያ በኋላ የተጠየቁትን ሁሉ መልሰዋል። ጠያቂው በመጨረሻ «ቀርባለች» ብለው ጮክ አድርገው እያነበቡ ጽፈዋል። አርቃቂዋ ቃሉ እንዲደገምላቸው ጠይቀው ተደግሞላቸዋል።

ጠያቂው ከመሰናበታቸው በፊት፣ እስካሁን በጉም ብቻ ያዩዋቸውን ሰብሳቢ አተኩረው ተመልክተው «እርስዎ ደግሞ የኃላፊው አባት ነዎት?» ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ጉባኤው በሰብሳቢው አስቸኳይ ሐሳብ መነሻነት፦ ካሜራ እንዲገዛ የተላለፈው ውሳኔ ተሽሯል፤ ሦስቱም ናሙናዎች ይመለሱ፤ ችግሩ እንዳልተነሣ ይቆጠር፤ የተነሣው ላስቲክም ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመለስ በማለት ወስኗል። ላስቲኩ ግን ተፈልጎ አልተገኘም። ሰብሳቢው አባላቱን አንድ በአንድ «አይተሃል? አይተሻል?» እያሉ የጠየቁ ሲሆን ሁሉም አላየንም ብለዋል። ጸሐፊው አልተጠየቀም።

ጉባኤው 6፡20 ላይ በኮሽታ ተበትኗል።

አባሪ፦ አንድ ስስ ላስቲክ፣ ጠርዙ ላይ የጥፍር ምልክት ያለበት። በዚህ ክፍል አባሪ ገልጦ ያነበበ ኃላፊ እስካሁን ስላልታየ፣ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አልተገኘም።